የቃኘው ስሞች፦ ከአዲስ አበባ እስከ ቡሳን

ግንቦት 25፣ አዲስ አበባ

አያቴ ስለ ኮሪያ ብዙ አያወሩም ነበር። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከቻቸው የቃኘው ሻለቃዎች በሁለተኛው ዘምተው መመለሳቸውን እኛ የልጅ ልጆቻቸው ያወቅነው ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶግራፍ እና እማማ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከምታደርገው ዝክር ነው። ያን ቀን ጠላ ይቀዳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የንስሐ አባታችን ይመጣሉ፤ ጸሎቱ የሚደረገው ግን ከቤተሰቡ ከአያቴ በቀር ማንም አይቶት ለማያውቅ አንድ ወጣት ነው። በ1945 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አያቴ ከሁለት ጓዶቻቸው ጋር ሆነው በሌሊት ከኮረብታ ላይ ተሸክመው ያወረዱት ባልንጀራቸው ነበር። ልጅ ሳለሁ «ሞቶ ከሆነ ለምን ተሸከማችሁት?» ብዬ ጠይቄአቸው አውቃለሁ። «ቃኘው ሰው ትቶ አይመጣም» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

አያቴም እማማም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ዝክሩን የምታደርገው እናቴ ናት። ወደ ኮሪያ የምሄደው ያ ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ለማየት ነው። የሟቹን ቤተሰብ ብዙ ፈልጌ ስላላገኘሁ፣ ያለ ፈቃዳቸው ስሙን በዚህ ማስታወሻ ላይ አላሰፍረውም። እናቴ ቦሌ ድረስ ሸኝታኝ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጧፍ አስያዘችኝ።

ግንቦት 26፣ ሴኡል

ሌሊቱን በአየር ላይ አድረን ኢንቾን አረፍን። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ሳስበው የነበረው የአባቶቻችን መንገድ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሰንደቅ ዓላማውን ተቀብሎ በባቡር ጂቡቲ ወረደ፣ ከዚያ «ጄኔራል ማክሬ» በምትባል የአሜሪካ መርከብ ተጭኖ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ከተጓዘ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ደረሰ። አብዛኞቹ ወታደሮች ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች ነበሩ። ስማቸውም የተወሰደው በዓድዋ ከዘመቱት ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከ«አባ ቃኘው» ነበር።

ከዚህ በቀር የዛሬው ቀን በድካም አለፈ።

ግንቦት 27፣ ሴኡል

ዮንግሳን ወደሚገኘው የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ሄድሁ። በ1994 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ ሰፊ ሕንፃ ቀድሞ የጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ በነበረበት ግቢ ላይ የቆመ ነው። በውጪው አደባባይ ታንኮችና አውሮፕላኖች ተደርድረዋል፣ ልጆችም በመካከላቸው ይሯሯጣሉ። እኔን የሳበኝ ግን በሕንፃው ግራና ቀኝ የተዘረጋው መተላለፊያ ነው፤ በጦርነቱ የወደቁት ሰዎች ስም በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ በየሀገሩ ተደርድሯል። ተዋጊ ጦር ከላኩት 16 ሀገሮች መካከል ከአፍሪካ የነበሩት ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆኑ፣ ደቡብ አፍሪካ የላከችው የአየር ኃይል ጓድ ስለነበር ከአፍሪካ ምድር መጥቶ በእግሩ ኮረብታ የወጣው እግረኛ ጦር የእኛ ብቻ ነበር።

የኢትዮጵያን ድንጋይ አገኘሁት። ከአሜሪካውያኑ ዝርዝር ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው፤ ሆኖም ፊት ለፊቱ ስቆም አጭርነቱን ረሳሁት። ችግሩ የተጻፈው በላቲን ፊደል መሆኑ ነው። ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጸ እና ሰ በአንድ ፊደል ታጭቀዋል፤ «ኃይሉ» እና «ኃይሌ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው፣ እርሷም በአንድ ጸሐፊ እጅ ልትሳት ትችላለች። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብሁ። የአያቴን ባልንጀራ ሊሆን የሚችል ስም አንድ ሳይሆን ሁለት አገኘሁ፤ አንደኛው የአባት ስሙ ይስማማል፣ ሌላኛው የራሱ ስም ይስማማል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚረዳኝ ነገር አልነበረም። ሁለቱንም በደብተሬ እንዳሉ ገለበጥኋቸው።

ስወጣ አንድ አስተማሪ ተማሪዎቹን በመተላለፊያው መግቢያ አስቁሞ ኮፍያቸውን ሲያስወልቃቸው አየሁ። ወደ ስሞቹ የገቡት ራሳቸውን ገልጠው ነበር።

ግንቦት 28፣ ቹንቾን

ከሴኡል ወደ ሰሜን ምሥራቅ በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ተጉዤ በሐይቅ የተከበበችው ቹንቾን ገባሁ። ጣቢያው ላይ የጠበቀኝ በከተማዋ የሚማር የሌላ ዘማች የልጅ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ሻንጣዬን ነጠቀኝ፤ የመጣሁበትን ጉዳይ ገና ሳልጨርስለት ወደ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ይዞኝ ሄደ። የመንገዱን ሰሌዳ እያነበበ ተረጎመልኝ፦ «የኢትዮጵያ ጎዳና» ይላል። ኮሪያውያን «ኢዲዮፒያ» ነው የሚሉት፤ ከማያውቁት አፍ የወጣ ቢሆንም ሲሰሙት ደስ ይላል።

በዚህ ስፍራ ሦስት ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ቆመዋል። የመጀመሪያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ኮሪያን ሲጎበኙ የመረቁት የመታሰቢያ ሐውልት ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ላይ የተከፈተው «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ሳይወጣ የሀገራችንን ቡና ያፈላል። ሦስተኛው በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኢትዮጵያ የኮሪያ ጦርነት ተሳትፎ መታሰቢያ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤታችን ሾጣጣ ሆኖ ስለተሠራ ከሩቅ ሳየው ልቤ ዘለለ።

አዳራሹ ውስጥ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ቆየሁ። ደንብ ልብሱ፣ ሜዳሊያው፣ ደብዳቤው፣ መርከቡ ላይ ተደርድረው የተነሱት ፎቶግራፍ ሁሉም አለ። የክቡር ዘበኛ ምርጦች የሆኑት እነዚህ ወታደሮች በአሜሪካው ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ሆነው ነበር የተዋጉት። የመጀመሪያው ቃኘው በሌተናል ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ አያቴ የነበሩበት ሁለተኛው በሌተናል ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ይመሩ ነበር፤ ሦስተኛው ሻለቃ ደግሞ በሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁሙ እስኪፈረም ድረስ በግንባር ቆየ። በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር 121 የሞቱ እና 536 የቆሰሉ ይላል። በምርኮኛ ዓምድ ሥር ግን ያለው ባዶ ነው። የተኩስ አቁሙ ተፈርሞ ሁለቱ ወገኖች ምርኮኞቻቸውን ሲለዋወጡ ወደ ቃኘው የሚመለስ አንድም ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም የተማረከ አልነበረም። የአያቴ አጭር መልስ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ተጽፎ አገኘሁት።

ሌላው ያስደነቀኝ ነገር የውጊያ ታሪክ አይደለም። ወታደሮቻችን በ1953 እ.ኤ.አ. ዶንግዱቾን በሚባል ከተማ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው ማሳደጊያ ከፈቱ፤ ከደመወዛቸውና ከስንቃቸው እየቀነሱም ልጆቹን ይመግቡ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ አንድ ወታደር ሕፃን ታቅፎ ቆሟል፤ አቅፎ የያዘበት ሁኔታ የእኛ ሀገር ሰው ልጅ የሚያቅፍበት ነው፣ አንድ እጁን ከሥር፣ አንድ እጁን ከማጅራቱ አድርጎ። አያቴ ይህን ጨርሶ አልነገሩንም።

አመሻሽ ላይ ቡና ቤቱ ገባን። ወጣቱ ጓደኛዬ ስኒውን በሁለት እጁ እያዞረ «ጋሼ፣ አያቴ ሜዳሊያቸውን ለምን ጤፍ ጎታ ውስጥ እንደቀበሩ ገብቶኝ የማያውቅ ነገር ነው» አለኝ። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ነገሩ የጀመረው ከደርግ በፊት ነው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍባቸው የክቡር ዘበኛ ስም ተጠርጣሪ ሆነ፣ ቃኘው ሲላክ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም በዚያው ግርግር ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ኮሚኒስቶችን የተዋጋ ሰው በኮሚኒስት መንግሥት ሥር መታወቂያውን ማሳየት የሚያኮራ ነገር አልሆነም። ብዙ ዘማቾች ጡረታቸው ቀንሶ፣ ታሪካቸው ታፍኖ፣ በድህነት አረጁ። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ሆኖም አባቶቻችን ከጠላት ፊት ሬሳ ትተው ያልመጡ ሰዎች ሆነው ሳለ እኛ እነርሱን በሕይወት እያሉ ትተናቸው እንደነበር መናገር ግዴታዬ ነው።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲሆን፣ የሚዘክረውም በኦጋዴን ጦርነት የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ከቃኘው መታሰቢያ ጋር የማይታረቅ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ አይመስለኝም፤ ኦጋዴን የወደቀው ወታደርም የተላከበት ሄዶ ያልተመለሰ የሰው ልጅ ነው፣ እናቱም እንደ እናቴ ጧፍ ታበራለች።

ግንቦት 29፣ ቹንቾን

ሴኡል ከሁለት ቀን በላይ ያልቆየሁት ዛሬን እዚህ ለመዋል ብዬ ነው። በእነርሱ አቆጣጠር ሰኔ 6 የኮሪያ የሙታን መታሰቢያ ቀን ነው። ከማለዳው ጀምሮ በየቤቱ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ ከእንጨቱ ጫፍ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በመላ ሀገሪቱ ለአንድ ደቂቃ የሳይረን ድምፅ እንደሚሰማ ተነግሮኝ ነበርና፣ ቀድሜ ሐውልቱ ሥር ቆምሁ።

ከእኔ በፊት አንድ አዛውንት ደርሰው በእጅ መሐረባቸው የሐውልቱን መሠረት ይጠርጉ ነበር። ተማሪው ጠጋ ብሎ ከየት እንደመጣን ሲነግራቸው መሐረቡን ኪሳቸው ከትተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልሁ፤ ለሽማግሌ እጅ የሚሰጠው እንዲህ መሆኑን ከሁለታችን አንዳችንም ከሌላው መማር አላስፈለገንም። በጦርነቱ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ እንደነበሩ፣ ቤታቸው ተቃጥሎ በመንገድ ዳር ሳሉ ከጭነት መኪና ላይ አንድ ጥቁር ወታደር የታሸገ ምግብ እንደወረወረላቸው ነገሩን። «ኢትዮጵያዊ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን እዚህ እየመጣሁ አመሰግናለሁ» አሉ።

ሳይረኑ ጮኸ። በድልድዩ ላይ መኪኖች ቆሙ፤ በወንዙ ዳር ብስክሌት የሚነዱት ወርደው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ልጁን በጋሪ የሚገፋ አባት ቆመ። እኔ ደቂቃዋን በጸሎት ልሞላት አስቤ ነበር፤ የወጣኝ ግን «ነፍስ ይማር» የሚለው ብቻ ነው። ድምፁ ሲያበቃ አዛውንቱ መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጋቸውን ቀጠሉ።

ሀገር ቤት ሚያዝያ 27 ቀን አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው አራት ኪሎ ሲሰለፉ አይተናል፤ በአዲስ አበባም አፍንጮ በር አጠገብ በ2006 እ.ኤ.አ. የተመረቀ የቃኘው መታሰቢያ አለን፣ በሕይወት ያሉት ጥቂት ዘማቾችም በየዓመቱ ይሰበሰቡበታል። የሚጎድለን ሐውልት እንዳልሆነ ዛሬ ገባኝ። የሚጎድለን የብስክሌት ነጂው መውረድ ነው።

ግንቦት 30፣ ቾርዎን

በአስጎብኚ አውቶቡስ ወደ ሰሜኑ ድንበር ሄድን። ሜዳው አዲስ በተተከለ ሩዝ አረንጓዴ ሆኖ፣ በመካከሉ ጥይት የበሳሳው የቀድሞው የሠራተኞች ፓርቲ ሕንፃ ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ቆሟል። ከመመልከቻው ሰገነት ላይ ሲያዩት፣ ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየው አራት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ከጦር ነጻ የሆነ ቀጣና ጫካ ነው፤ ሰው ስለማይደርስበት ዛፉ ያለ ከልካይ አድጓል።

«ትሪያንግል» የሚባለው የሦስት ማዕዘን ኮረብታ ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ በኪምህዋ አቅጣጫ ነው። በጥቅምት 1945 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍለ ጦር እርሱን ለመያዝ ከቻይናውያን ጋር ሲተናነቅ ቃኘውም ነበረበት። ወደዚያ መሄድ አይፈቀድም፤ አስጎብኚዋ በጣቷ አቅጣጫውን ብቻ አሳየችኝ። ያየሁት ከጀርባው ሌላ ሰንሰለት ያለው፣ ገደሉ የቀና ተራራ ነው። እንደዚህ ባለ ቁልቁለት፣ በሌሊት፣ በውርጭ፣ ከላይ መድፍ እየወረደ፣ የማይተነፍስ ሰው በትከሻ ተሸክሞ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ሞከርሁ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ቀኝ ትከሻቸውን ያማቸው ነበር። የእርሻ ሕመም ይመስለን ነበር።

ሰኔ 1፣ ቡሳን

ከሴኡል በፈጣን ባቡር ተነስቼ እኩለ ቀን ሳይሞላ ቡሳን ገባሁ። የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር በከተማዋ መካከል፣ በጽጌረዳ የተሞላ ጸጥተኛ ስፍራ ነው። ከ2,300 በላይ ሰዎች እዚህ አርፈዋል፤ ብዙዎቹ ብሪታንያውያንና ቱርኮች ናቸው። መቃብሩን ከሚያቋርጠው ቦይ አጠገብ ቆሜ ስሙን አነበብሁ፤ በ17 ዓመቱ ለሞተ ለአንድ አውስትራሊያዊ መታሰቢያ የተሰየመ ነው። የእኛዎቹ ግን በዚህ አፈር ውስጥ የሉም። በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ተቀብረው የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉ አስከሬናቸው ተነስቶ ወደ ሀገራቸው ተመልሷል። እንግዲህ ከኮረብታው ያወረዷቸው ባልንጀሮቻቸው፣ ባሕሩንም አሻግረው አስገቧቸው ማለት ነው።

የቀረው ስማቸው ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተሠራው የመታሰቢያ ግንብ በጥቁር እምነ በረድ ላይ የ40,896 ሰዎችን ስም ይዞ በክብ ቅርጽ ቆሟል፤ ከእነዚህ ከ36,000 በላይ የሚሆኑት አሜሪካውያን ናቸው። የኢትዮጵያን ክፍል ፈልጌ ደብተሬን ዘረጋሁ። ሁለቱ ስሞች እዚህም አሉ፣ ሁለቱም እንደዚያው በሚያጠራጥር ፊደል ተጽፈዋል።

ለእናቴ ስልክ ደወልሁ። ሀገር ቤት ገና ማለዳ ነው። ሁለቱን ስሞች አንድ በአንድ፣ ፊደሉን እየቆጠርሁ አነበብሁላት፣ አባባ የሚጠሩት የትኛውን እንደነበር እንድታስታውስ ለመንኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«አባባ የሚጠራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለነበር አንተን ላታልልህ አልችልም ልጄ» አለችኝ። ቀጥላም «ሌላኛው ዝክር የሚያደርግለት ሰው ይኖረው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም አልኋት።

«እንግዲያው የዘንድሮው ጥቅምት ለሁለት ነው። ዳቦውን እጨምራለሁ። አሁን ሁለቱንም ጮክ ብለህ ጥራቸው» አለች።

ጧፉን ከጨርቁ አወጣሁ። ለማብራት የፈቀደልኝ ሰው ስላልነበረ፣ ከመካከሉ ቆርጬ ለሁለት ካደረግሁት በኋላ ከግንቡ ሥር ሌሎች ሰዎች ካስቀመጡት አበባ አጠገብ አኖርሁት። ከዚያ የመጀመሪያውን ስም በአማርኛ፣ እንደ ሀገራችን ጥሪ ከነአባቱ ጠራሁ። ሁለተኛውን ጠራሁ። በእነርሱ ላይ ማቆም አልሆነልኝም፤ ወደ ላይ ተመልሼ ከመጀመሪያው ስም ጀመርሁ፣ የሚያጠራጥረውን በሁለት መንገድ እያነበብሁ፣ ጠ የሚሆነውንም ተ የሚሆነውንም ሳልዘል። አጠገቤ አበባ የሚያስተካክለው ሠራተኛ ድምፄን ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ኮፍያውን አወለቀ፤ የመጨረሻውን ስም እስክጠራም ድረስ እንደቆመ ቆየ።